ከበዛ ቀሚስ፣ ካነሰ ቆብ

የመጀመሪያዋ ኪሮሼ ከተሰበረ ጃንጥላ የወጣች ሽቦ ነበረች። ወንድሜ ጫፏን ድንጋይ ላይ ሞረዳት፣ በፒንሳ ትንሽ ጎበጥ አደረጋትና "ይኸው፣ ከእንግዲህ የእማዬን አትንኪ" ብሎ ሰጠኝ። የእማዬ ኪሮሽ አይነካም ነበር። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ አጠገቡም የኒዶ ቆርቆሮ አለ። የቆርቆሮው ክዳን መሃሉ ላይ ተበስቷል። ልቃቂቱ ውስጥ ይገባል፣ ክሩ በቀዳዳው ይወጣል፣ ሲሳብ ቆርቆሮው ውስጥ ይንከባለላል እንጂ መሬት ወርዶ አይቆሽሽም። ያቺ የልቃቂቱ ኳ ኳ የምትል ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ማታ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሷን እየሰማሁ ነበር።

ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ ቤት ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ በማይገኝበት ዘመን። ቴሌቪዥኑ የራሱ ዳንቴል ነበረው። የሶፋው መደገፊያ፣ የእጁ ማሳረፊያ፣ ቡፌው፣ ቴፑ፣ ራስጌ ያለችው ትንሿ ሬዲዮ ሳትቀር። በዓል ሲደርስ ሁሉም ተሰብስቦ ይታጠባል፣ አሚዶ ይነከራል፣ ከዚያ ፍራሽ ላይ በስፒል ዙሪያውን ተወጥሮ ይደርቃል። ስፒሎቹን የመትከል ሥራ የእኔ ነበር። እያንዳንዱ ጫፍ እኩል ካልተሳበ ክቡ ይንጋደዳል፣ ስለዚህ አንዱን ስተክል የፊት ለፊቱን እተክላለሁ፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ እንደገና ፊት ለፊቱን። ዓይኔ መስመር ማየት የለመደው እዚያ ፍራሽ ላይ ይመስለኛል።

ዛሬ ኪሮሽ ሥራዬ ነው። የምኖርበትም የምተዳደርበትም እሱ ነው። ሰዎች "ከየት ተማርሽው?" ሲሉኝ ብዙ ጊዜ የሚጠብቁት ዩቲዩብ የሚል መልስ ነው። ከዩቲዩብም ተምሬያለሁ፣ አልክድም። መሠረቱ ግን እማዬ ናት፣ እሷም ከጎረቤታችን ነው የተማረችው። እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት ነበሩ። አዲስ ሞዴል በወረቀት አይመጣም ነበር ያኔ። አንዷ ሴት ለቅሶ ወይም ልደት ሄዳ የሰው ቤት ዳንቴል ታያለች፣ ቡና እስኪፈላ ጫፉን በጣቷ እየዳሰሰች ትቆጥራለች፣ ቤቷ ስትገባ ትሠራዋለች። ያልገባት ቦታ ካለ ሌላ ቀን ሰበብ ፈልጋ ተመልሳ ትሄዳለች። እትዬ አንዴ ያዩትን ዳንቴል ከሳምንት በኋላ ዓይን ሳያጎድሉ ያወጡት ነበር። ዓይን የምንለው አንዷን ጉንጉን ነው፣ በኪሮሽ ተስባ የምትወጣዋን።

ስሞቹ ራሳቸው ደስ ይሉኛል። ዳንቴልም ኪሮሽም ከፈረንሳይኛ የመጡ ቃላት ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ጥርስ ማለት ነው፣ ሌላው ትንሽ መንጠቆ። ጥርስ የተባለው ጫፉ ወጣ ገባ ስለሚል ነው። እማዬ ፈረንሳይኛ ሰምታ አታውቅም፣ ግን ጫፍ ስትጨርስ "አሁን ጥርሱን ላውጣለት" ትል ነበር።

ስለ ክቡ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው።

ክብ ዳንቴል ከመሃል ይጀምራል። ትንሽ ቀለበት ትሠሪያለሽ፣ እዚያ ውስጥ 12 ረጃጅም ዓይኖች ታስገቢያለሽ፣ ክሩ አንዴ መርፌው ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራውን ማለቴ ነው። ሁለተኛው ዙር 24 ይሆናል። ሦስተኛው 36፣ አራተኛው 48። በየዙሩ 12 እየጨመርሽ ስትሄጂ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ለጥ ብሎ ይተኛል። በአጭሩ ዓይን ከሆነ ደግሞ ከ6 ተነስተሽ 6 ፣ 6 ትጨምሪያለሽ። እማዬ ይህን በቁጥር አላስተማረችኝም። "ከበዛ ቀሚስ ይሆናል፣ ካነሰ ቆብ" ነው ያለችኝ። በቃ። ዓይን ካበዛሽ ዙሪያው እንደ ቀሚስ ጠርዝ ይወዛወዛል፣ ካሳነስሽ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ራስ ላይ የሚደፋ ነገር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ ሁሉ ቀሚስ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ቸኩዬ እንዲሰፋልኝ ስለምፈልግ ዓይን አበዛለሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ሲለኝ በእጄ እጨቁነውና አለቅሳለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያ "ቀሚስ" ያልኩት ነገር ዩኒቨርሲቲ እንደገባ ያወቅኩት። ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ አለች። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር፣ ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ ለጥ ብሎ የማይተኛ እየተወዛወዘ የሚሰፋ ገጽ ጂኦሜትሪ ለተማሪዎቿ በእጅ የሚዳሰስ አድርጋ ማሳየት ፈለገች። ከወረቀት የተሠራው ሞዴል ቶሎ ይቀደድ ነበር። ኪሮሽ አነሳች። በየረድፉ በተመሳሳይ ምጣኔ፣ ማለትም ረድፉ በረዘመ ቁጥር ጭማሪውም እየበዛ፣ ዓይን እየጨመረች ስትሠራ፣ ያ የሚወዛወዝ፣ የሚጠማዘዝ፣ ጠረጴዛ ላይ አልተኛም የሚል ገጽ ወጣ። ተማሪዎቹ ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ መስመር መስፋት ቻሉ። ይህን ያነበብኩ ቀን ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እማዬ "በዝቶብሻል፣ ተርትሪው" ስትለኝ የነበረው ነገር ለካ ስም አለው፣ ትምህርት አለው። እናቶቻችን ከቡና ስኒ ጎን እየቆጠሩ የሠሩትን ሒሳብ ማንም ሒሳብ ብሎ አልጠራውም፣ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ቀሚስ የሚሆኑ ሥራዎችን መሥራት ጀመርኩ። ዓይን አብዝቼ፣ አብዝቼ፣ ሥራው በራሱ እስኪጠማዘዝ ድረስ እሄዳለሁ። አንዳንዱ የአደይ አበባ ስብስብ ይመስላል፣ አንዳንዱ የተልባ ገለፈት እንደተከመረ። ቢጫ ክር የማልወድ ሰው ነበርኩ፣ አሁን ከመርካቶ ስመለስ ፌስታሌ ውስጥ ሁሌም ቢጫ አለ።

መተርተር ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ነገር ነው። ይህን ስል ሰው ይገርመዋል። ጨርቅ አንዴ በመቀስ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ሸክላ ከእሳት ከወጣ በኋላ አይመለስም። ስፌትም ቢሆን፣ አለላው ተወግቶ ከታጠፈ በኋላ ብትፈቺው ያው የተሰበረ ሣር ነው። ኪሮሽ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክር ነው፣ ሥራውን የያዘውም የመጨረሻዋ አንዲት ዓይን ብቻ ናት። እሷን ለቀሽ ክሩን ስትስቢው የሳምንት ሥራ በአምስት ደቂቃ ተመልሶ ክር ይሆናል። ትንሽ ይሸበሸባል፣ ጸጉር ተጎንጉኖ እንደተፈታ። በውሃ ነክረሽ ሲደርቅ እሱም ይለቃል። ምንም አይባክንም። እማዬ ክር ሲወደድ ያረጁ ዳንቴሎችን እየተረተረች በአዲስ ሞዴል ትሠራቸው ነበር፣ ቤታችን ያሉት አንዳንዶቹ ሦስተኛ ሕይወታቸው ላይ ናቸው።

መብራት የሚጠፋበት ጊዜም ጠቅሞኛል። መጀመሪያ ሻማ አበራ ነበር፣ ኋላ ተውኩት። ግራ እጄ ክሩን በሌባ ጣት ላይ ይወጥራል፣ አውራ ጣቴ ሥራውን ይይዛል፣ ኪሮሹ ሲገባ ቀዳዳውን በቆዳዬ አውቀዋለሁ። ሌባ ጣቴ ላይ ክሩ ያለፈበት ቀጭን ጎድጎድ ያለ መስመር አለ፣ በቅባትም አይለቅ። ነጭ ክር ስሠራ ግን ጨለማ አልደፍርም። ሽንኩርት ከከተፍኩ እጄን ሁለቴ ታጥቤ፣ አድርቄ ነው የምነካው።

ስለ ዋጋ ሳልጽፍ ባልፍ ለሙያ ጓደኞቼ ታማኝ አልሆንም። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክብ ዳንቴል በቀጭን ክር፣ በ1.25 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ስሠራ ወደ 40 ሰዓት ይወስድብኛል። ገዢ መጥቶ ያገላብጠዋል፣ "ክሩ ስንት ነው የፈጀው?" ይለኛል፣ በልቡ የክሩን ዋጋ ያሰላና ትንሽ ጨምሮ ይጠራል። 40ው ሰዓት የት ገባ? አንድ ጊዜ ሥራዎቼን በአደራ የተረከበኝ ሱቅ የእኔን ስም የያዘችውን ወረቀት አንስቶ የራሱን ለጥፎ ሲሸጥ አገኘሁት። ተጣላሁ፣ አለቀስኩ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ያን ቀን ማታ ነው በእያንዳንዱ ሥራዬ ጠርዝ ላይ፣ ከጀርባው፣ በሌላ ቀለም ክር አንዲት ዓይን መሥራት የጀመርኩት። ፊርማዬ ናት። እሷን ለማውጣት ሙሉውን ጠርዝ መተርተር ያስፈልጋል።

ደግሞ አንድ ነገር እወቁልኝ። ሹራብ የሚሠራ ማሽን አለ፣ ቆንጆ ቆንጆ ዳንቴል የሚያወጣ ማሽንም አለ። እውነተኛውን ኪሮሽ የሚሠራ የፋብሪካ ማሽን ግን የለም። ከውጭ የመጣ፣ ርካሽ፣ በጅምላ የተከመረ የኪሮሽ ቀሚስ ወይም ኮፍያ ሱቅ ውስጥ ካያችሁ፣ እሱንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዓይን በዓይን ቆጥሮታል። ዋጋው ሲረክስብኝ የማስበው እሷን ነው፣ የማላውቃትን ሴት። ስንት ከፈሏት?

አሁን የተጠመድኩበትን ልንገራችሁና ላብቃ። ባለፈው ክረምት ጎጃም ያለችው አያቴ በእንዝርት የፈተለችውን ማግ ላከችልኝ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ልቃቂቶች። ለነጠላ የታሰበ ክር ነው፣ ቀጭን፣ አንዳንድ ቦታ ወፈር አንዳንድ ቦታ ሳሳ የሚል። ለሸማኔ ሰጥቼ ማሠራት ነበረብኝ፣ እሷም ያሰበችው ያንን ነው። እኔ ግን በኪሮሽ ልሞክረው አልኩ። መጀመሪያ አልሆነም። ማጉ ብቻውን ሲሠራ በየመሃሉ ይላላል፣ መንጠቆው ክሩን እየሰነጠቀ ይገባል፣ ትንሽ ከሳብኩት ይበጠሳል። ሽሮ ሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ አማከርኩ፣ አባቱም አያቱም ዶርዜ ሸማኔዎች ናቸው። ክሩን በጣቱ አሽቶ ወደ ብርሃን አነሳውና "ለብቻው አታሠቃዪው፣ ሁለቱን ግመጃቸው" አለኝ። ሁለቱን አጣምሬ፣ ከተፈተለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ገመድኩት። በእንዝርት፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ ልቃቂት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ቀጥ አለ። የሱቅ ክር እንደ ሐር ያብለጨልጫል፣ ይሄ አያብለጨልጭም፣ ግን እጅ ውስጥ ሲገባ ይሞቃል። ወፈር ያለበት ቦታ ሲደርስ ዓይኑ ከፍ ትላለች፣ ሳሳ ሲል ትሰምጣለች፣ አያቴ ፈትላ የደከመችበትና ያረፈችበት ቦታ ሁሉ ሥራው ላይ ይታያል።

ከእሱ ለእማዬ የትከሻ ልብስ ጀመርኩላት። ከመሃል ተነስቶ በክብ የሚሰፋ፣ ጫፉ ጥርስ ያለው። እማዬ አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ሞራ የሚሉት ነገር ነው፣ መርፌ መያዝ ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። እሑድ ከሰዓት እሷ ጋ ይዤው ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ነበር። "አምጪው እስኪ" አለችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው። አላየችውም፣ በአውራ ጣቷ ከመሃል ጀምራ ዙር በዙር እየዳሰሰች ወጣች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠረች ነው። መሃል ላይ ቆመች። ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና መጣች።

"ሰባተኛው ላይ አንድ ዓይን ጎድሎሻል።"

"እማዬ፣ ሰባት ጊዜ ነው የቆጠርኩት።"

"ቁጠሪዋ።"

መስኮቱ ጋ ወስጄ ቆጠርኩ። 84 መሆን ነበረበት። 83 ነው። አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ ደርሼ ነበር፣ በዚያ ቀጭን ክር፣ በዚያ ሁለት ቀን በተገመደ። ምንም አላለችኝም፣ እጇን ብቻ ዘረጋች። የመጨረሻዋን ዓይን ለቀቅኳትና ጫፉን ሰጠኋት። እኔ እየተረተርኩ እሷ ትጠቀልላለች፣ ስኒው ቀዘቀዘ፣ ሦስተኛውም ተቀዳ፣ ልቃቂቱ መዳፏ ውስጥ እየወፈረ ሄደ።