ያልተሰረቀው ጣውላ

ስቶር ላይ የሚሠራ ሰው ዕቃ ሲጎድልበት ይጮኻል። እኔን ያበሳጨኝ ግን ምንም ሳይጎድል ነው።

ጎንደር ውስጥ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የወጣቶች ስፖርትና ንባብ ማዕከል እየተሠራ ነበር። ገንዘቡን ያዋጡት የሰፈሩ እድሮችና ውጭ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የሳይቱ ስቶር ኪፐር እኔ ነበርኩ። ሲሚንቶ በኩንታል፣ ፌሮ በቤርጋ፣ ጣውላ በቁጥር እረከባለሁ። ታዲያ ጠዋት ስገባ ጣውላው ከተከመረበት ወርዶ ብሎኬት ላይ ተጋድሞ አገኘዋለሁ። እቆጥረዋለሁ፤ ልክ ነው። አስከምረዋለሁ። በማግሥቱ ያው ነው።

ዘበኛችንን ሁላችንም «አያ» ነው የምንላቸው።

«አያ፣ ማታ ማታ ሰው ይገባል እንዴ?»

«ሌባ አይገባም» አሉኝ።

«ሌባ መቼ አልኩ?»

«እንግዲያ አምሽተሽ እይው።»

አመሸሁ። ሲሚንቶና ፌሮ እንዳይነካ ብለን ምሰሶ ላይ አንድ ትልቅ ፓውዛ ሰቅለን ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ ገቡ። ጣውላዬን በብሎኬት ላይ አጋድመው አግዳሚ ወንበር ሠሩና ማንበብ ጀመሩ። ወሬ የለ፣ ሳቅ የለ። አያ ደግሞ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ በመሃላቸው ይንጎራደዳሉ።

አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነበሩ። ይህ ፈተና ምን እንደሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን ጀመረ። ከዚያ ዓመት ተፈታኞች የፈተናውን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ ታናናሾቹ፣ እንግዳው አንድ ላይ ናቸው። በዚያ ላይ ማንበብ አይታሰብም። እና ልጆቹ መብራት ፍለጋ ወደኛ መጡ።

ኢንጂነሩ ቢሰማ «ሳይት ላይ ልጅ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ሚስማር የበዛበት ቦታ ነው። አያን ልቆጣቸው አስቤ ነበር። ግን ከአጥሩ ውጭ አንዲት እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ሲያሾሩ አየሁ።

«እትዬ፣ ደኅና አመሹ? ምን ሆነው ነው እዚህ?»

«ልጄ ታነባለች። እስክትጨርስ ነው።»

«ብርድ ነውኮ። ቤት ሆነው ቢጠብቋት?»

«በጨለማ ብቻዋን እንዴት ትምጣ?» አሉና ወደ ግንባታው በእንዝርታቸው ጠቆሙኝ። «ይኸ ሲያልቅ ማንበቢያው በሩ በየት ነው?»

ፕላኑን አውቀዋለሁ። ወደ ንባብ ክፍሉ የሚገባው በአዳራሹ በኩል ነው። የአዳራሹ በር ደግሞ በስተኋላ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። መብራት የሌለበት መንገድ ነው። ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ ሲያልቅም መገተሬ ነዋ!» አሉ።

ሌሊቱን ሙሉ ይህች ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ኮሚቴው ስለዚህ ማዕከል ብዙ ተጨቃጭቋል፤ የተጨቃጨቀው ግን ስለ ሜዳው ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 የሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ ሁሉም ለልጁ የሚመኘው ኳስ ሜዳ ነው። ቦታው ግን ለእግር ኳስ አይበቃም። በመጨረሻ 28 በ15 ሜትር የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይሁን ተባለ። 18 በ9 የሆነው የመረብ ኳስ መስመርም እዚያው ላይ ይሠመራል። ፀሐይ ዓይን እንዳይወጋ ርዝመቱ ሰሜን ደቡብ ሆነ። ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ ተሞላ። ይህ ሁሉ በደንብ ታስቦበታል። ንባብ ክፍሉ ግን ፕላን ላይ «ላይብረሪ» ተብሎ ተጻፈበትና በዚያው ታለፈ። በስንት ሰዓት ይከፈታል? ማታ ማን ይገባበታል? የጠየቀ የለም። አዳራሹ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከተቆለፈ እሱም አብሮ ይቆለፋል ማለት ነው። ልጆቹ ደግሞ የሚያነቡት ከዚያ በኋላ ነው።

በሳይት ስብሰባ ላይ ስቶር ኪፐር የዕቃ ሪፖርት አቅርቦ ይወጣል እንጂ ስለ በር አይናገርም። እኔ ሪፖርቴን ጨርሼ ቁጭ አልኩ። «ፕላኑ ላይ በአስፋልቱ በኩል ካሉት የንባብ ክፍሉ መስኮቶች አንዱ በር ቢሆንስ?» አልኩ። የኮንትራክተሩ ኢንጂነር ሳቀ። አማካሪው ግን ከልቡ ተከራከረኝ። «ሁለት በር ያለው ላይብረሪ መጽሐፍ አይበረክትለትም። አንዱን ስትጠብቂ በሌላው ይወጣል።» ይህ ክርክር ውሃ የሚያነሣ ነው። ዝም አልኩ።

ያዳነኝ ፎርማኑ ነው። «ሁለቱ ለምን አንድ ላይ ይከፈታሉ? ቀን የውስጡ፣ ማታ የውጩ» አለ። ከዚያ ነገሩን በግንበኛ ሒሳብ አስረዳ። ጭነቱን የተሸከመው ኮለኑና ቢሙ፣ ማለትም ምሰሶውና አግዳሚው ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ብቻ ነው። ከላይ የሚጋደመው ማሰሪያ፣ ሊንተሉ፣ የመስኮቱም የበሩም እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ከመስኮቱ ሥር ሊደረደር የነበረውን ብሎኬት መተው ነው። «ግድግዳው ገና ከወለል አልተነሣም። ዛሬ ከተወሰነ ብሎኬት እንቆጥባለን። የዛሬ ወር ከሆነ እናፈርሳለን፣ ሊንተሉንም እንሰብራለን።»

ኮንትራክተሩ ያለ ደብዳቤ አልነካም አለ። አልፈርድበትም፤ በቃል የተባለ ለውጥ ክፍያ ላይ ሲደርስ ባለቤት የለውም። ኮሚቴው ደብዳቤውን ፈረመ። ከብረት መስኮቱ ይልቅ የብረት በሩ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ልዩነቱን አንዱ እድር ቻለው። ከወለሉ እስከ መንገዱ ድረስ ደረጃና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ተዳፋት ተጨመረ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለክፍሉ ብቻውን መስመር ሳበለት፤ ማታ የአዳራሹን መብራት ማብራት እንዳያስፈልግ።

አጥሩን እስከዚያው አላስደፈንኩትም። ከኢንጂነሩ ጋር ተነጋግረን ከፓውዛው ሥር ያለው ቦታ ከሚስማርና ከሽቦ ጸድቶ በገመድ ተከለለ። ከገመዱ ማለፍ ክልክል ሆነ። አያም ሹመታቸው በይፋ ጸና።

አሁን ንባብ ክፍሉ ማታ እስከ 4 ሰዓት በአስፋልቱ በር ይሠራል። አንድ ነገር ግን ሳናየው አለፈን ብዬ እበሳጫለሁ። መጸዳጃው በሜዳው በኩል፣ ልብስ መቀየሪያው አጠገብ ነው። ማታ አንዷ ልትሄድ ከፈለገች አያ የውስጡን በር ከፍተው፣ ባትሪ ይዘው እስኪያደርሷት መጠበቅ አለባት። ኮሚቴው በሁለተኛው ዙር ከንባብ ክፍሉ ጋር የተያያዘ መጸዳጃ ይሠራል ብሏል። ሁለተኛው ዙር ደግሞ የሚጀመረው መዋጮው ሲሞላ ነው።