ለጎረቤት የሰጠሁት መሬት

ስምንተኛ ክፍል ቢቸና ስማር ቅንፍ በቅንፍ ማባዛት ነፍሴን ያስጨንቃት ነበር። (ሀ + 3)² ሲመጣ ሳላቅማማ ሀ² + 9 ብዬ እጽፋለሁ። መምህራችን በቀይ ይሰርዙታል። በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ እደግማለሁ። «መጀመሪያን በመጀመሪያ፣ ዳርን በዳር፣ መሀልን በመሀል፣ መጨረሻን በመጨረሻ» የሚለውን ሸምድጄዋለሁ። የካሬ ምልክቷን ሳይ ግን ሽምደዳው ብን ይላል። የሚባዙት ሁለት ቅንፎች መሆናቸው ራሱ ይጠፋኛል።

ያቃናኝ አልጀብራ ያልተማረው አባቴ ነው። የጌሾ ጓሯችን በአራቱም ጎን 10 ርምጃ ነበር። በሁለት በኩል ሦስት ሦስት ርምጃ ሊያሰፋው አጥሩን ነቀለና «እስቲ አንተ ተማሪ፣ ስንት ጨመርን?» አለኝ።

«ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ!»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በበትሩ መሬት ላይ ጫረ። አሮጌው ጓሮ። ከጎኑ አንድ ረዥም ቁራጭ። ከበላዩ ሌላ ረዥም ቁራጭ። ጥጉ ላይ ትንሽ ካሬ። የኔ ዘጠኝ ያቺ ጥግ ብቻ ነበረች።

«እነዚህን ለጎረቤት ሰጠሃቸው?» አለ፣ ሁለቱን ቁራጮች በበትሩ እየነካ።

አንድ ስንዝር ድንበር ዘመድ በሚያቆራርጥበት በጎጃም ምድር 60 ካሬ ርምጃ በነጻ! ሁለቱ ቁራጮች 3ሀ እና 3ሀ፣ በድምሩ 6ሀ ናቸው፤ ሀ 10 ሲሆን 60 ማለት ነው። 100 + 60 + 9፣ 169። 13 በ13 ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳልስል አላባዛም። (ሀ + 3)(ሀ + 5) ሲመጣ አራት ክፍል እስላለሁ፤ ሀ²፣ 5ሀ፣ 3ሀ፣ 15። ድምሩ ሀ² + 8ሀ + 15። ለካ የሒሳብ ሊቁ አልኽዋሪዝሚም በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ እኩልታዎቹን ያስረዳው ካሬ እየሳለ ነው። አባቴ ቢሰማ ይኮራ ነበር።

የ(ሀ − 3)² መጨረሻ +9 የሆነበት ምክንያትም የገባኝ በጓሮው ነው። «ነጌቲቭ በነጌቲቭ ፖዘቲቭ» ማለት ለኔ ዜማ ብቻ ነበር። ከሁለት ጎን ሦስት ሦስት ርምጃ ስትቆርጥ ግን ጥጉን ሁለት ጊዜ ትቀንሰዋለህ። አንዱን መመለስ አለብህ።

መልሴን የምፈትሸው ሀን 10 አድርጌ ነው። ሰሞኑን የእህቴን ልጅ ሳስጠና (2ሀ − 3)²ን በኩራት 2ሀ² − 12ሀ + 9 ብዬ ጻፍኩለት። ልጁ 10ን አስገባ። 17 በ17፣ 289 መሆን ሲገባው 89 ወጣ። «አጎቴ፣ 2ቱን ካሬ አላደረግኸውም» አለኝ።