ከቆሽት የመጣ የደረት ውኃ

እኛ ጋ ሳንባው ውኃ ቋጠረ የተባለ ሰው ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ብዙ ጊዜም እሱው ይሆናል። እኚህ ሰውዬ ግን የቲቢ መድኃኒት ጀምረውም ግራ ጎናቸው መሙላቱን አልተወም። ይቀዳላቸዋል፣ ትንፋሽ ያገኛሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ራጁ ላይ ግራው ተመልሶ ነጭ ይሆናል። ፈሳሹ ላይ የቲቢ ጀርምም የካንሰር ሴልም አልተገኘም። ልብና ኩላሊታቸው ደህና ነው።

ወንበር ስቤ ታሪካቸውን ከሥሩ ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ሆድዎን አሞዎት ያውቃል?"

"እሱማ ድሮ ነው። ጀርባዬ ድረስ ይወጋኝ ነበር። ጎንበስ ስል ነው የሚተወኝ።"

"አረቄስ?"

ሳቁ። ባለቤታቸው አልሳቁም።

የተቀዳው ፈሳሽ አሚሌዝ (ቆሽት የሚሠራው ምግብ ፈጪ ኢንዛይም) እንዲለካ ላክሁ። ከላብራቶሪ ተደወለ፦ "ዶክተር፣ ይሄ እኮ የደም ምርመራ ነው።" ለኩልኝ አልኩ። ደም ውስጥ 100 ገደማ ላይ የሚቆመው ኢንዛይም እዚህ በአሥር ሺዎች ወጣ። ማሽኑ እንዲያነበው ፈሳሹን ማቅጠን ነበረባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጠጥ ያቆሰለው ቆሽት ቧንቧው በኋላ በኩል ሲቀደድ፣ ጭማቂው ሽቅብ መንገድ ያገኛል። የምግብ ቧንቧ ወይም ዋናው ደም ወሳጅ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) በሚያልፍበት ቀዳዳ ሾልኮ ደረት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሰውየው የሚመጣው ሆዴን ብሎ ሳይሆን ትንፋሽ አጠረኝ ብሎ ነው። ጎን እየወጉ መቅዳት ብቻውን፣ የሚያፈስ ጣሪያ ትቶ ወለል መወልወል ነው።

ኤምአርአይ የተቀደደውን ቧንቧና ፈሳሹ የሄደበትን ቀጭን መስመር አሳየን። ከዚያ ቆሽቱን ማሳረፍ ነበር፦ በአፍ ምግብ የለም፣ በአፍንጫ የገባ ቱቦ ምግቡን ከጨጓራ አሳልፎ አንጀት ያደርሳል፣ ኦክትሪኦታይድ ጭማቂውን ይቀንሳል። ያ ብቻውን አልበቃም። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ስቴንት፣ ማለትም የተቀደደውን ቧንቧ የሚያሳልፍ ትንሽ ቱቦ፣ ገባላቸው፤ ገንዘቡን ዘመድ አዋጣ። ውኃው ቆመ። ስቴንት ባይዝ ኖሮ ቀዶ ሕክምና ነበር የቀረን።

አሁን ምክንያቱ ሳይታወቅ እየደጋገመ የሚሞላ ደረት ሳይ አሚሌዝ አዛለሁ፤ በተለይ ግራው ከሆነ። ዋጋው ከሲቲ ስካን ጋር አይወዳደርም። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ግን ቆሽት ነው አልልም። ካንሰርም ከፍ ያደርገዋል። የተቀደደ የምግብ ቧንቧም እንዲሁ፤ ምራቅ ውስጥም አሚሌዝ አለና።