ትንፋሼን የመለሰልኝ አምላክ ይመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እግዚአብሔር ጸሎቴን ከሰማኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ሰምቶኛል። ስለቴንም ዛሬ በጽሑፍ አደርሳለሁ።

የምኖረው ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው። አስም ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። አገሬን የሚያውቅ ሰው ችግሬን ሳልነግረው ይረዳዋል። ጤፍ ሲወቃ እብቁ በነፋስ ይነሳል። በርበሬ ሲደርቅና ሲቀነጠስ ሰፈሩ ሁሉ ያስነጥሳል። እንጀራ ሲጋገር ጭሱ ቤቱን ይሞላል። ለሌላው ሰው ይህ የጥጋብ ምልክት ነው። ለእኔ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የጭንቅ ወራት ነበር።

ሳልና ማፏጨቱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት አንድ ነገር ነበር፤ ዕጣኑ። ካህኑ ጽናውን ይዞ ማጠን ሲጀምር ደረቴ ይታሰራል። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ትንሽ እሞክራለሁ። ከዚያ ሲር ሲር ማለት እጀምራለሁ፤ ከአጠገቤ ያሉት ሴቶች ዞር ብለው ያዩኛል። ወጥቼ ከዛፍ ሥር እቀመጥና ቅዳሴውን ከውጭ እሰማለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሰው ለበዓል ለብሶ ወደ ውስጥ ሲገባ እኔ ወደ ውጭ ስወጣ የሚሰማኝን ስሜት በቃል መናገር ይከብደኛል። የተወለድኩበትን ቤት በመስኮት እንደማየት ነበር።

ስለዚህ ጸሎቴ አጭር ሆነ። «ሙሉ ጤና ስጠኝ አልልህም። ቤትህ ገብቼ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሜ ላስቀድስ። ይህችን ስጠኝ።» ማታ ማታ የምለው ይህንኑ ነበር። ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ሲሆን ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ሄጄም ይህንኑ ለምኛለሁ። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይበላሹ ተቀበሉ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እኔም ትንፋሼን አደራ አልኳቸው። ጸበሉን ጠጣሁ፣ ተጠመቅሁ።

እዚያ አንድ ሰው «መድኃኒቱን ካልጣልሽ እምነት የለሽም» አለኝ። ልቤ ተረበሸ። ስመለስ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ጸበሉም የእርሱ ነው፣ ሐኪሙም የእርሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አውጥተው አነበቡልኝ። እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው የሚናገረውን ቦታ ማለት ነው። እኔ በዚህ ጸናሁ። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው እዚህ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ስለሚቸገር ነው። በተለይ አስም ሲብስ የሚሰጠውን ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ሰውነቱ ራሱ ማምረት ያለበትን ሆርሞን ማምረት ረስቶ ስለሚቆይ ለሞት ሊደርስ ይችላል። ጸበል የሚሄድ ሰው ጸበሉን ይጠጣ፤ መድኃኒቱንም ይያዝ።

ፕሬድኒሶሎን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በየጊዜው ሲብስብኝ የሚሰጠኝ እርሱ ነበር። ያድናል፣ አልዋሽም፤ ስንት ጊዜ ከሞት አውጥቶኛል። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፊቴ ክብ ሆኖ አበጠ። እንቅልፍ አጣሁ፣ ስኳሬ ከፍ አለ፣ አጥንቴም ሊሳሳ እንደሚችል ተነገረኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ወፈርሽ እኮ፣ ምቾት ነው!» ይሉኛል። በፍቅር ነው የሚሉት። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ቤት ስገባ አለቅሳለሁ።

አንድ ዓመት በውቂያ ሰሞን የባሰው መጣ። ሌሊት ነበር። ቬንቶሊኑን፣ ትንፋሽ የሚከፍተውን ፓፍ፣ ደጋግሜ ሳብኩ፤ ምንም የለም። ባለቤቴ ሲያናግረኝ አንድ ቃል ተናግሬ ሁለተኛውን መጨረስ አቃተኝ። ባጃጅ ተለምኖ መጣና ሆስፒታል አደረሱኝ። ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ በጭንብል የሚሳበውን መድኃኒት አከታተሉ፣ በደም ሥሬም መርፌ ሰጡኝ። ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። የማስታውሰው የባለቤቴን ድምፅ ነው። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ነጋ። ተረፍኩ።

የዚያ ሆስፒታል ሐኪም ሲያስወጣኝ «እንዲህ እየሆነ መቀጠል የለበትም» ብሎ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የሳንባ ስፔሻሊስት ላከኝ። ይህን የጸሎቴ መልስ መጀመሪያ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ስፔሻሊስቷ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ያየችው ሳንባዬን አልነበረም፤ ፓፉን እንዴት እንደምስብ ነው። «እህቴ፣ እስቲ ፊቴ ሳቢልኝ» አለችኝ። ብዙ ሰው አስሙ ከባድ የሚመስለው አሳሳቡ ትክክል ስላልሆነ ወይም በየቀኑ የሚወሰደውን ስለሚያቋርጥ መሆኑን አስረዳችኝ። የእኔ አሳሳብ ደህና ነበር፤ መድኃኒቱንም አላቋርጥም። ከዚያ ክንዴ ላይ የተለያየ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያደረገች በመርፌ ጫፍ ነካክታ የአለርጂ ምርመራ አደረገች። የቤት አቧራ ውስጥ የሚኖረው፣ በዓይን የማይታየው ተባይ ፈሳሽ የነካው ቦታ አብጦ ቀላ። ደሜም ታየ። አይጂኢ የሚባለው፣ አለርጂ የሚያስነሳው ነገር ደሜ ውስጥ ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ የወደድኩላትን ልንገራችሁ። ቁጥሩን አይታ ወዲያው አልወሰነችም። «በእኛ አገር ወስፋትና ሌላም የሆድ ትል ይህን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል» አለችና ሰገራዬን አስመርምራ፣ ለትሉ መድኃኒት ሰጠችኝ። ቀጥሎ ያለው ሕክምና ሰውነት ከትል ጋር የሚያደርገውን ትግል ሊያዳክም ስለሚችል አስቀድሞ መጥራት አለበት አለች። የአገሩን ሰው ሆድ የሚያውቅ ሐኪም ማግኘትም ጸጋ ነው።

ከዚያ ስለ አንድ መርፌ ነገረችኝ። ስሙ ኦማሊዙማብ ነው፤ ዞሌር በሚባል የንግድ ስም ይታወቃል። አሜሪካ ለአስም የፈቀደችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። አይጂኢውን ደም ውስጥ እንዳለ ይይዘዋል፤ አለርጂውን የሚያቀጣጥለውን ከምንጩ ያዳክማል። መጠኑ በክብደትና በአይጂኢው ልክ ይሰላል፣ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል። ለሁሉም አስም አይደለም። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት የደም ሴሎች የበዙበት ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት መርፌ አለው፤ ሜፖሊዙማብና ቤንራሊዙማብ የሚባሉ። «ይህ መርፌ አስም ሲነሳብሽ የሚያስቆም አይደለም። እንዳይነሳብሽ ነው። ፓፍሽን ከቦርሳሽ እንዳታወጪ» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

መድኃኒቱን እዚህ ልናገኘው አልቻልንም። ዋጋው ሲነገረን ባለቤቴ ቁና ቁና ተነፈሰና ዝም አለ። እኔ ሆዴ ቆረጠ። «ጌታዬ፣ በሩን አሳይተኸኝ ቁልፉን ከየት ላምጣው?» አልኩ። ከዚያ የሆነውን ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል። የሚካኤል ማኅበርተኞቼ ጽዋው በተጠጣበት ቀን አዋጡ። እቁብተኞቼ ዕጣዬን አስቀድመው ሰጡኝ። ዱባይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «እታለም፣ አንቺ አሳደግሽኝ፤ ዝም በይ፣ የሐኪሟን ማዘዣ ላኪልኝ» አለ። አንዲት እናቴ የምትሆን ጎረቤቴ የዶሮዋን ዋጋ በመቀነቷ ቋጥራ አመጣችልኝ። አልቀበልም ስላት ተቆጣችኝ። እግዚአብሔር በሰው እጅ ይሰጣል ሲባል በዓይኔ አየሁት።

መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ወንድሜ በበረዶ ሣጥን አሽጎ በሰው ላከው። መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ እኔ የምጨነቀው ለሣጥኑ ሆነ። ጀነሬተር ያለው ክሊኒክ በፍሪጁ ሊያስቀምጥልን ተቀበለን።

የመጀመሪያውን መርፌ የወሰድኩበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። መድኃኒቱ ነጭ ዱቄት ነው፤ በውኃ ይበጠበጣል። ነርሷ ብልቃጡን ይዛ ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ እንደገና ታዞረዋለች። መናጥ አይቻልም። እስኪሟሟ 20 ደቂቃ ያህል ወሰደ። እኔ ደግሞ በዚያች ልክ «አቡነ ዘበሰማያት» እደግማለሁ። እርሷ ስታዞር እኔ ስደግም። ሲያልቅ ፈሳሹ እንደ ውኃ ቀጭን አልሆነም፤ ወፍራም ስለሆነ ሲገባም ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ክንዴ ላይ ወጉኝ። ቀና ስል ጠረጴዛው ላይ አድሬናሊን ተዘጋጅቶ አየሁ። አንዳንድ ሰው ላይ መርፌው ራሱ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ከመጀመሪያዎቹ መርፌዎች በኋላ 2 ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግድ ነው። ፈራሁ። መቁጠሪያዬን ይዤ ጠበቅሁ። ምንም አልሆንኩም።

የመጀመሪያው ወር ላይ ለውጥ የለም። ሳሉ እንዳለ ነው። ሐኪሟ «እስከ 16 ሳምንት ጠብቂ፤ ከዚያ በፊት አይፈረድም» ብላኛለች፤ እኔ ግን የሰው ሁሉ ገንዘብ ባክኖ ይቀራል ብዬ እጨነቃለሁ። ሌሊት ተነስቼ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ ያልኩትን እርሱ ያውቃል።

ለውጡ የመጣው እኔ ሳላውቀው ነው። አንድ ጠዋት ባለቤቴ «ተኝተሽ አደርሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያለ ተደራረበ ትራስ ጋደም ብዬ ነበር የነጋልኝ። ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። በርበሬ ሻጮቹ ከተደረደሩበት አልፌ ሽንኩርት ልገዛ ስጠይቅ ነው የገባኝ። በበርበሬው መካከል ነው ያለፍኩት! እንደ ሰው አስነጠሰኝ፤ አለቀ። እዚያው ቆሜ «ተመስገን» ስል ሽንኩርት ሻጯ «ዋጋው ይህን ያህል ረክሷል እንዴ?» አለችኝ።

ፕሬድኒሶሎኑን ሐኪሟ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች ነው። የፊቴ እብጠት ጎደለ። ሐኪም ቤት በሌሊት መሮጥ ቀረ።

የልቤን ልመና ለሐኪሟ ነግሬያት ነበር። በግልጽ መለሰችልኝ። የዕጣን ጭስ እንደማንኛውም ጭስ ሳንባን ይቆጠቁጣል፤ መርፌው ጭስን አያስቀርም፤ ግን ሳንባሽ ከተረጋጋ ልትችዪው ትችያለሽ፤ ነፋስ በሚገባበት በኩል ቁሚ አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። እሑድ ማለዳ በሴቶች በኩል፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ፓፉ በነጠላዬ ሥር በእጄ ነው። ካህኑ እያጠኑ ወደ እኛ መጡ። ጭሱ ደረሰኝ። ጉሮሮዬን ትንሽ ከረከረኝ። ደረቴ እስኪታሰር ጠበቅሁ፤ አልታሰረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጣኑን አሸተትኩት። ያን ሁሉ ዓመት ስሸሸው መዓዛውን አላውቀውም ነበር። «እትዉ በሰላም» እስኪባል ድረስ ቆሜ አስቀደስኩ።

የንስሐ አባቴ ሲወጡ አዩኝና መስቀሉን አሳልመው «አየሽ ልጄ?» ብቻ አሉኝ።

ጨርሼ ድኛለሁ አልልም። መርፌው ይቀጥላል፣ የሚቀጥለው በዚህ ወር ነው። በየቀኑ የሚሳበውን እስባለሁ። የሚቀጥለው መድኃኒት እንዴት እንደሚገዛ ገና አላወቅንም፤ ግን እስከ ዛሬ አላጣንም። መርፌው መኖሩን ሳይሰሙ በየገጠሩ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። አቅም ያላችሁ ከሳንባ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ አቅም የሌላቸውን ደግሞ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። እኔንም ወለተ ሚካኤልን አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።