የቅዳሜ ጠዋት ምላጭ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኅዳር ሲጋመስ የደብረ ብርሃን ጠዋት ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ ባልዲ ውስጥ ያደረው ውኃ ስስ በረዶ ሠርቷል፣ ፀሐይዋም ወጥታ ገና አልሞቀችም። ማንቆርቆሪያውን ከሰል ላይ ጥጄ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ የመላጫ ዕቃዬን ዱካ ላይ ደርድሬ ውኃው እስኪግል ነው ይህን የምጽፈው። የተማሪዎች ፈተና ሳላርም አድሬያለሁ፤ ይቆይ። ይህች ሰዓት የኔ ናት።

ከዓመት በፊት እንዲህ የሚለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር። ጢም መላጨት ለኔ እንደ ጫማ መጥረግ ያለ፣ ቶሎ ተደርጎ ቶሎ የሚረሳ ነገር ነበር። አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው። እንደ አገራችን ወግ ጢሜን ሳልነካ አርባውን አወጣሁ። በማግስቱ ወደ ሥራ ልመለስ ስቸኩል ባለ ሁለት ስለት የፕላስቲክ መላጫ ከሱቅ ገዛሁና በቀዝቃዛ ውኃና በእጅ ሳሙና ፊቴን ፋቅሁት። ተላጨሁ አልልም፣ ፋቅሁት ነው የምለው። በሦስተኛው ቀን አንገቴና አገጬ ሥር ጠጠር ጠጠር የሚል እብጠት ወጣብኝ፤ አንዳንዱ መግል ቋጠረ። ኬሚስትሪ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሰሌዳውን ትተው አንገቴን ያዩ ነበር።

ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። የብዙዎቻችን ጢም ጥቅልል ነው። ሁለት ስለት ያለው መላጫ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ይዞ ይስበዋል፣ ሁለተኛው ደርሶ ይቆርጠዋል፤ የተሳበው ፀጉር ሲመለስ ጫፉ ከቆዳው በታች ይገባል። ቀጥ ያለ ፀጉር ከሆነ ችግር የለውም፤ ተመልሶ ያድግና ይወጣል። ጥቅልሉ ግን እንደ መርፌ በሾለ ጫፉ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል፣ ወይም ወጥቶ ታጥፎ መልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል። ባለ ሁለት ስለቱ መላጫ ገበያ ላይ የወጣው በ1971 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በ1998 ደግሞ ባለ ሦስቱ መጣ። ስለት በጨመረ ቁጥር ይሻላል ተብሎ ተሸጠልን። ለኔ ፊት ግን አንዱ ይበቃው ነበር።

ያንን የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰማንያን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ ሰው ናቸው። ከአጥራቸው ባሕር ዛፍ ላይ ትንሽ መስታወት ሰቅለው፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ጠብቀው ሲላጩ ለዓመታት አይቻቸዋለሁ፤ ቆሜ ግን አስተውዬ አላውቅም። አንድ ቀን በር ላይ ስንገናኝ አገጬን በጣታቸው ቀና አድርገው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህን ምን በላው?»

«ምላጭ ነው ጋሼ።»

«ምላጭ እንዲህ አያደርግም፤ ተቻኩለህ ነው። ለሁለት ሳምንት እንዳትነካው። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ና።»

ሄድኩ። መላጫቸው ከባድ ነበር፤ እጀታ፣ ምላጩ የሚያርፍበት መደብና ከላይ የሚገጠም ክዳን፣ ሦስት ቁራጭ ብቻ። ነጩ ቅብ ከእጀታው ላይ አልቆ ከሥሩ ነሐሱ ብቅ ብሏል። አሥመራ ሳሉ የገዙት ነው። በመሃሉ እያንዳንዳችን በልጅነታችን የምናውቀው ቀጭን ምላጭ ይገባል፤ ለሁለት ሰብረን እርሳስ የምንቀርጽበት።

ያ ቀጭን ምላጭ ራሱ ታሪክ አለው፤ ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ተስሎ ተስሎ የሚኖረውን ወፍራም ምላጭ ትቶ፣ ሲደንዝ የሚጣል ስስ ምላጭ መሥራት ፈለገ። ሐሳቡ ቀላል፣ ብረቱ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ እንዲያ የሳሳ ብረት ሳይጣመም አጠንክሮ መሳል ማንም አይችልበትም ነበር። ዊሊያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው መላውን ያገኘለት። እንደ ፈረንጆቹ በ1903፣ ሽያጭ በጀመሩበት ዓመት፣ የሸጡት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። የባለቤትነት መብቱ በ1904 ተሰጠው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች በሚሊዮን የሚቆጠር ታደለ፤ ከዚያ በኋላ ያልደረሰበት አገር የለም። የጋሼ መላጫ ከዚያ ከመጀመሪያው ቅርጽ ብዙ አልራቀም። ከመቶ ዓመት በላይ ያልተለወጠ ዕቃ ሳይ ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር አንዴ በትክክል ታስቦበታል ማለት ነው።

ጋሼ ያስተማሩኝ ጥቂት ነገር ነው። መጀመሪያ ሙቅ ውኃ፤ በፎጣ ነክሮ ፊት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማቆየት፣ ደረቅ ጢም ጠንካራ ነውና ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። ቀጥሎ አረፋ። ከዚያ ምላጩን ቆዳው ላይ ሳያቆሙትም ሳያስተኙትም ጋደል ማድረግ። «አትጫነው» አሉኝ ደጋግመው። «ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል። እጅህ የሚሠራው መምራት ብቻ ነው።» የፕላስቲኩ ቀላል ስለሆነ እጄ መጫን ለምዷል፤ ያንን ልማድ ለማስተው አንድ ወር ፈጀብኝ። አገጬ ላይ ሁለት ቦታ ቆርጬያለሁ። ጆሮዬንም አሠለጠኑት፤ ምላጩ በትክክል ሲሄድ ደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ ማጭድ ያለ ስስ ድምፅ አለው፤ ድምፁ ሲጠፋ አያያዙ ተበላሽቷል።

የገረመኝ ግን ፊቴን አለማወቄ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ፊት! ጋሼ ዓይኔን አስጨፍነው ጉንጬን በጣቴ በአራቱም አቅጣጫ እንድዳብስ አደረጉኝ። ጣት የሚለሰልስበት ፀጉሩ የሚተኛበት ነው፣ የሚቆረቁርበት የሚነሣበት። ጉንጬ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንገቴ በግራ በኩል ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ በቀኝ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ነበር የምስበው። ቤት ገብቼ ከደብተር ቅጠል ላይ የፊቴን ንድፍ ሥዬ ቀስቶች አደረግሁበት። ያች ወረቀት ከመስታወቱ ጎን እስከ አሁን ተለጥፋለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፍቅር ሆነብኝ። ለሥራ አዲስ አበባ ስወርድ ከመርካቶ የራሴን መላጫ ገዛሁ። ብሩሹ ላይ ትንሽ ተቸገርኩ፤ ርካሹ ብሩሽ አብዛኛው ከአሳማ ፀጉር የሚሠራ ነው፣ ያንን ፊቴ ላይ ማድረግ አልሆነልኝም። በሰው ሠራሽ ፀጉር የተሠራ አገኘሁ። ከፈረስ ጭራ የሚሠራም አለ፤ እንደኛ ፈረስ በሚወደድበት አገር እንዲህ ያለ ብሩሽ የሚሠራ ባለሙያ ቢኖር የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

ሳሙናው ደግሞ ሙያዬ ውስጥ ገባ። የመላጫ ሳሙና ከገላ ሳሙና የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ፖታሽ ስለሚገባበት ነው፤ ፖታሽ ሳሙናውን ያለሰልሰዋል፣ ከውኃ ጋር ቶሎ ያስማማዋል። የጥንቶቹ ጥሩ የሚባሉት ከሞራ የሚሠሩ ናቸው። ሞራ ውስጥ ያለው ስቲያሪክ አሲድ ነው አረፋውን የሚያወፍረውና ቶሎ እንዳይጠፋ የሚይዘው። ይህን ሳውቅ የመንዝ በግ ትዝ አለኝ፣ ያ ሁሉ ስብ! አረፋ መምታትም ትምህርት ነው። መጀመሪያ ውኃ አብዝቼ እንደ ልብስ ሳሙና ትልልቅ ፊኛ ያለው ነገር እሠራ ነበር፤ ፊት ላይ ሳይቆይ ይጠፋል። ትክክለኛው እንደ እርጎ የወፈረ፣ የሚያበራ፣ ፊኛው ለዓይን የማይታይ ነው። ውኃ በጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ነው የሚደረስበት።

ክረምት ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከቆርቆሮው ጣሪያ በርሜል ውስጥ በሚጠራቀመው የዝናብ ውኃ ስመታው አረፋው እጥፍ ሆነ። ለተማሪዎቼ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ነገር ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃ የተሸከመው ካልሲየምና ማግኒዚየም ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል፣ የዝናብ ውኃ ግን ያ የለበትም። ሰኞ ብሩሹንና ሁለት ሳህን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ አንዱ ላይ የጉድጓድ ውኃ፣ አንዱ ላይ የዝናብ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ተነሥተው መጡ። ስለ ውኃ ጥንካሬ እንዲያ ያለ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። ውኃ እኛ ዘንድ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ 100 ሳይደርስ በ90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላም ያን ቀን በቴርሞሜትር አየነው።

መላጨቱ በዙር ነው። አንዴ አረፋ ተቀብቶ ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ፤ ታጥቦ እንደገና ተቀብቶ በጎን፤ የፈለገ ሦስተኛ ዙር በተቃራኒው። ለራሴ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብያቸዋለሁ። አቦሉ ላይ ብዙው ይሄዳል። ቶናው ላይ ፊት ይለሰልሳል። በረካውን፣ ፀጉሩን ከሥሩ ገልብጦ የሚቆርጠውን፣ እኔ ትቼዋለሁ፤ እብጠቱን የሚያመጣው እሱ ነው። ቡና ላይ በረካ ሳይጠጣ አይወጣም፣ እዚህ ግን ቶናው ላይ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ሲያበቃ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከጓሮ የተቆረጠ እሬት ዝልግልጉን ቀባ፣ በቃ። እብጠቱ ከሚያዝያ ወዲህ አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በነዚያ ሃያ ደቂቃዎች አባቴን አስባለሁ። በልጅነቴ፣ መንዝ፣ ለጥምቀት ዋዜማ አባቴና ጎረቤታችን ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተራ በተራ ይቀመጡ ነበር። አንዱ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና የሌላውን ራስና ጢም ያርሳል፣ ምላጩን በጣቱ ይዞ ይላጨዋል፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። ቀጥሎ እኛ ልጆች፤ ቁንጮ ብቻ ትቀርልናለች። ብርዱ ጭንቅላቴ ላይ ሲያርፍ አሁንም ይሰማኛል። ኋላ በኤች አይ ቪ ምክንያት ምላጭ በጋራ መጠቀም እንደማይገባ በየትምህርት ቤቱ ተነገረን፣ ጥሩም ተደረገ፤ ፀጉር ቤቱም ወደ ቶንዶስ ዞረ። ግን ሁለቱ ሰዎች ሲላጩ ብዙ አያወሩም ነበር። በበጋው በአንድ ነገር ተጣልተው ቢሰነብቱም ለጥምቀት ዋዜማ ያች ድንጋይ ላይ አንዱ ለሌላው ጉሮሮውን ይሰጣል። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም። አሁን ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሲያልፍ አስተውለዋለሁ።

ውኃው ግሏል። ዛሬ ሁለት ምላጭ ነው ያዘጋጀሁት፤ አንዱ የኔ፣ ሌላው ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ የጋሼ። ከመስከረም ወዲህ የዓይን ሞራ አስቸግሯቸዋል፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሁለት ቅዳሜ ጢማቸው ሳይላጭ አይቼ በሦስተኛው ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ሄድኩ። ምንም አላሉኝም፤ ወንበሩን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀመጡና አገጫቸውን ቀና አደረጉ። መላጫው የራሳቸው ነው፣ ነሐሱ ብቅ ያለው። ስጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን በጣታቸው በአራቱም አቅጣጫ ዳበሱ። ከግራ ጆሯቸው ሥር ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ቀርቶሃል» አሉኝ።

ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነክሬ እንደገና አረፋ መታሁ።