ሸራ የማውቀው ከአባቴ መኪና ላይ ነው

ኮምቦልቻ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባህር በሌለው አገር ተወልደህ የጀልባ ውድድር ውስጥ ማን ከተተህ?» እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር አቦል ላይ እጀምረዋለሁ፣ በረካ ደርሶም አላልቅ ይለኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ድሮ የአሰብ መስመር ነበር የሚሠራው፤ ከኮምቦልቻ በባቲ ወርዶ፣ ሚሌን አልፎ አሰብ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። እኔም የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመላለሰው ጅቡቲ ነው፤ ስለ ባህር ሲያወራ ግን ዛሬም «አሰብ እያለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጭነት ላይ ሸራ መወጠር፣ ገመድ ማጥበቅ፣ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ጎማው ሥር ታኮ መጣል፣ ሁሉንም የተማርኩት ከእሱ ነው። ሸራ ሲያስር ገመዱን መሃል ላይ ጠምዝዞ ጆሮ ያወጣለታል፤ ጫፉን ከታች ባለው መንጠቆ አዙሮ በዚያ ጆሮ ያሾልክና በሰውነቱ ክብደት ይስበዋል። ከዓመታት በኋላ ኬፕታውን ውስጥ ይሄንኑ ቋጠሮ «የከባድ መኪና ሾፌሮች ቋጠሮ» ብለው ሊያስተምሩኝ ሲነሱ ሳቄ መጣ።

መካከሉን ባጭሩ ልለፈው። ሜካኒካል ምህንድስና ተማርኩ፤ ከዚያ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባህረኞች ማሰልጠኛ ገባሁ፤ ከዚያ በአንድ የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ተለማማጅ ሆኜ ዘጠኝ ወር ሠራሁ። ዘጠኝ ወር ሞተር ክፍል ውስጥ ከርሞ «ባህር አየሁ» ማለት ግን ያሳፍራል። ያየሁት ዘይት፣ ቧንቧና ሙቀት ነው። ኬፕታውን ወደብ ስንቆም ከእኛ ብረት ተራራ ራቅ ብሎ ቀጫጭን ባለሸራ ጀልባዎች ተደርድረው አየሁ። እረፍት ሲደርሰኝ ሄድኩ። አንዷ ላይ ሰዎች የናፍጣ ሞተር ፈትተው ተጨንቀዋል። ችግሩ ነዳጅ መስመር ውስጥ የገባ አየር ነበር፤ አስተንፍሼ አስነሳሁላቸው። ጀልባዋ ከኬፕታውን ተነስቶ ብራዚል ሪዮ ለሚደርሰው ውድድር ትዘጋጅ ነበር። ሞተርና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ሸራውን እናስተምርሃለን አሉኝ። ለወራት በኢሜይል ተጻጻፍን፤ ኮንትራቴን ጨርሼ፣ ያጠራቀምኳትን ይዤ ተመለስኩ።

የውድድሩ ርቀት ወደ 3,600 የባህር ማይል ነው። አንዱ የባህር ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ ወደ 6,700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የመጀመሪያው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በ2020 «ላቭ ዋተር» የምትባል ባለ ሦስት ቀፎ፣ ማለትም ሦስት አካል ጎን ለጎን የተያያዘላት ጀልባ ስምንት ቀን ሳይሞላት ጨርሳዋለች። የእኛዋ 12 ሜትር ናት፤ ስምንት ሰው ይዛ ሦስት ሳምንት ከቻለች ጥሩ ነው።

ካርታው ላይ መጀመሪያ ያልገባኝ ለምን ቀጥ ብለን ወደ ምዕራብ እንደማንሄድ ነበር። ደቡብ አትላንቲክ መሃል ላይ ሰፊ የከፍተኛ አየር ግፊት አካባቢ አለ፤ በሴንት ሄለና ደሴት ስም ይጠሩታል። እምብርቱ ውስጥ ነፋስ የለም። የገባ ባለሸራ ጀልባ ሸራው ተንጠልጥሎ ቀናት ይቆማል። ነፋሱ ያለው ዙሪያውን ነው፤ በሰሜን በኩል ካለፍክ ከኋላህ የሚገፋ የማያቋርጥ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ታገኛለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትወጣለህ፣ ከዚያ ነው ወደ ሪዮ የምትታጠፈው። ስኪፐሯ፣ ማለትም የጀልባዋ አዛዥ፣ ይሄን በሰሌዳ ስታብራራ እኔ ሐረጎን እያሰብኩ ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ ለአሞራ ምንም አይደለም፤ መኪና ግን በሐረጎ ጥምዝምዝ ዞሮ ነው የሚወጣው። ቀጥታ ልሂድ ያለ ገደል ነው የሚያገኘው።

የኖርኩት ኬፕታውን ዳር ቤልቪል ነው፤ ሱቅ ካለው የሐይቅ ከተማ ሰው ቤት፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል። ጋሼ ነበር የምለው። ማታ ጨው ለብሼ ስመጣ «ዛሬም አልሰመጥክም?» ይለኛል። ኬፕታውንን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛ ተራራን ሳያነሳ አይተውም፤ እውነትም እንደ አምባ ጫፉ ሜዳ የሆነ ውብ ተራራ ነው። ግን ከፍታው 1,086 ሜትር ነው። እኛ ኮምቦልቻ አስፋልት ላይ ቆመን ከ1,800 ሜትር በላይ ነን። ይሄን ለጀልባው ሰዎች ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ስልክ አውጥተው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሳንባዬ የብረት ነው ብለው አመኑ። የደሴን ጦሳ ተራራ በሩጫ የሚወጣ ሳንባ ለማቅለሽለሽ እንደማይረዳ ያወቁት በሦስተኛው ቀን ነው።

የባህር ህመም እንዲህ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እሞታለሁ ብለህ ትፈራለህ፤ በሦስተኛው ቀን የምትፈራው ሳትሞት መቅረትን ነው። የረዱኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ከታች ክፍል ይልቅ ደክ (የጀልባው ክፍት የላይ ወለል) ላይ መሆን፣ ዓይንን አድማስ ላይ ማሳረፍ፣ መሪ መያዝ፣ ዝንጅብል ማኘክ፣ ሆድን ባዶ አለመተው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናቴ በሶ። እሳት አይፈልግ፣ ሰሃን አይፈልግ፤ በጠርሙስ ውሃ በጥብጠህ ትንሽ ማር ጣል ታደርግበትና ትጠጣለህ። እነሱ በሙቅ ውሃ የሚነፋ ደረቅ ምግብ ነው የሚበሉት፤ ማዕበል ሲነሳ ውሃ ማፍላት አይቻልም፣ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ጠርሙስ ያያል። ሁለት ኪሎ በሶ አንድ ወር ሳይሞላው አለቀ። እናቴ ይሄን ስትሰማ ከውድድሩ ሁሉ ያኮራት ይሄ ነው።

ሥልጠናው ራሱ ከማዕበል ይልቅ ድግግሞሽ ነው። በአራት ሰዓት ተራ ትሠራለህ፣ አራት ሰዓት ትተኛለህ፤ እንቅልፍ ሲባል ግን ጫማህን አድርቀህ፣ ልብስህን አውልቀህ፣ በልተህ የተረፈው ነው። ሌት በጨለማ ቋጠሮ ታስራለህ። ነፋስ ሲበረታ ሸራ ታሳንሳለህ፤ «አሁን ላሳንስ ይሆን?» ብለህ ካሰብክ ጊዜው አልፏል ይላሉ። ከመታጠቂያህ የሚወጣው ገመድ ሁለት መንጠቆ አለው፤ አንዱን ሳታያይዝ ሌላውን አትፈታም፣ ከታች ስትወጣ ደግሞ እግርህ ደክ ሳይረግጥ ታያይዛለህ። የዚያ ባህር ውሃ በበጋ እንኳ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚቆረጠው፤ ጥቂት ቆይቶ ጣቱ አይታዘዘውም። ዋናተኛ መሆን ብዙም አያድንም።

ሰው ሲወድቅ የሚደረገውን ልምምድ መቶ ጊዜ ሠርተነዋል። ያየው ሰው ይጮኻል፤ አንድ ሰው ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም፣ ጣቱን ወደ ወደቀው ቀስሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይቆማል። ዞር ካለ ጠፋ። የእኔ ችግር ጩኸቱ ነበር። ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ቤት ውስጥም ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም ብዬ ነው ያደግሁት። ስኪፐሯ «ነፋሱ አልሰማህም፣ ድገመው» ትለኛለች። እደግማለሁ። «ጉሮሮህ ነው ወይስ ስህተት እፈራለሁ ብለህ?» አለችኝ አንድ ቀን። ጉሮሮዬ ነው አልኳት። ዋሸሁ።

የዝምታዬን ዋጋ ያየሁት ከኬፕታውን በስተምሥራቅ ካለችው ሞሰል ቤይ ስንመለስ ነው። ነፋሱ ከኋላችን ስለነበር ከሰዓት በኋላ ስፒናከር የሚሉትን፣ እንደ ፊኛ ከፊት የሚነፋውን ትልቅ ሸራ ልንሰቅል ሆነ። ገመዱን ሳቀብል ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሽፋኑ ተልጦ ነጩ ውስጡ ሲታይ አየሁ። ገመዱን ያዘጋጀው ሰውዬ ግን ሃያ ዓመት ባህር ላይ የኖረ፣ በአባቴ ዕድሜ ያለ ነው። እሱ ሳያየው ይቀራል? ካየው ደግሞ ምን ልለው ነው? አቀበልኩት።

አጉላስ የሚባለውን፣ የአፍሪካን የመጨረሻ ደቡብ ጫፍ በስተቀኝ አሳልፈን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ተሰማ። ገመዱ ተበጠሰ። ሸራው ውሃው ላይ ወደቀና ጀልባዋ ላዩ ላይ ሄደችበት፤ ከሥር ተጠቅልሎ ያዛት። መሪው ላይ ቢጠመጠም ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የማወራው። ስድስት ሰው እጁ ደንዝዞ፣ በየማዕበሉ ትንሽ ትንሽ እየሳበ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። የወጣው ሸራ ሳይሆን ጨርቅ ነው። ማንም አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ።

ሲነጋ ስኪፐሯ ሻይ ይዛ መጣችና «ገመዱን ከመሰቀሉ በፊት ያየው ሰው አለ?» አለች። እኔ አልኩ። ለምን እንዳልተናገርኩ ጠየቀችኝ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሸራ ከጀልባ ሥር ከመጎተት ይከብዳል። ሞከርኩ። እሷም አልተቆጣችም፤ ይልቅ ሥራ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣና ማታ ከመጨለሙ በፊት እያንዳንዱን ገመድ በእጄ እየዳሰስኩ እዞራለሁ፤ ያገኘሁትን ከኋላ ያለው እስኪሰማ ጮኼ እናገራለሁ። ምንም ካላገኘሁም «ምንም የለም» ብዬ እጮኻለሁ።

ማታ ቤልቪል ሆኜ በኢሞ ለአባቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣
«አንተ፣ ሐረጎ ላይ ረዳት ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።
«ታኮ መጣል።»
«ሌላስ?»
«መጮኽ።»
«ምን ብሎ?»
«ተው፣ ተው፣ ና፣ ና፣ በቃ!»
«ሾፌሩ ሽማግሌ ቢሆንስ?»
«ያው ይጮኻል፣ አባዬ።»
«ረዳት ካፈረ መኪናው ገደል ነው» አለና ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ከኋላ «አብሽር በለው እንጂ፣ ልጁን ታስጨንቀዋለህ!» እያለች ነበር።

መጮኽ ከተማርኩ በኋላ ደግሞ አበዛሁት። አንድ ሌሊት ከአድማሱ ብቅ የምትል ኮከብን የመርከብ መብራት ነው ብዬ የተኛውን ሁሉ ቀሰቀስኩ። ከት ብለው ሳቁ፤ ግን አንዱም አልተቆጣም፣ ሻይ አፈሉልኝ። በነገራችን ላይ ኮምፓስ መጠቀም ከልቤ የተማርኩት ለሰላት ነው። ከኬፕታውን ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 23 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጀልባዋ በዞረች ቁጥር ማስላት አለብህ። ካርታ ሳልማር አቅጣጫ ተማርኩ።

ስለ ውድድሩ ራሱ ብዙ የማወራው የለኝም፣ ምክንያቱም አልሄድኩም። ጥፋቱ የራሴ ነው። ለብራዚል ቪዛ ወረቀት ስናሰናዳ የፓስፖርቴ ጊዜ ከስድስት ወር በታች እንደቀረው ታወቀ፤ አድሼ ለማድረስ ጊዜ አልነበረም። ስምንት ወር ገመድ ስፈትሽ ከርሜ ኪሴ ውስጥ ያለውን አልፈተሽኩም። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ልጅ ካለ ከሸራም ከዋናም በፊት የፓስፖርቱን የመጨረሻ ቀን ይመልከት። ጀልባዋ ስትነሳ ከወደቡ ዳር ቆሜ ገመዷን የለቀቅኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በጋሼ ሱቅ ሆኜ በስልክ ካርታ ላይ ተከታተልኳት፤ ነጥቧ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትወጣ፣ ከዚያ ስትታጠፍ። ጋሼ እያንዳንዱን ደንበኛ «የኛ ልጅ ጀልባ ናት» ይለው ነበር። በሰላም ገባች። ለሚቀጥለው ስሜ ተጽፏል፤ አሁን የመጣሁት ፓስፖርቱን ለማደስና ቤተሰቤን ለማየት ነው።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ለጅቡቲ ጉዞ ሸራ ሲወጥር አገዝኩት። አንዱን ጥግ የጀልባ ቋጠሮ አሰርኩለት፤ መጥበቂያ ሳይሆን የማይጠብቅ ቀለበት የሚሠራውን። ጎንበስ ብሎ አየው።

«ሲረጥብ ይፈታል?»
«ይፈታል።»
«ጭነት እየሳበውስ?»
«እሱ አይፈታም፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀና ሳይፈታው ተወው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሚሌ ደወለ። ቋጠሮው እንዴት ሆነ አልኩት።

«ቋጠሮው ደህና ነው። ገመዱን ግን የካሶኒው ብረት እየበላው ነበር። ቆመን ቀየርነው።»
«ማን አየው?»
«ረዳቱ።»
«ነገረህ?»
«ምን ይነግረኛል፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኸብኝ እንጂ» አለ፤ ሲስቅ ይሰማኛል።