ከመደወል በፊት 70 ፊደል

በስልክ ለሚካሄድ መጠይቅ ትልቁ እንቅፋት እምቢታ አይደለም፤ የማይታወቅ ቁጥር ነው። «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል አጭበርባሪ ያሰለቸው ሰው ያልመዘገበውን ቁጥር ባያነሳ አይፈረድበትም። ከጥሪው ቀድሞ የሚላክ የጽሑፍ መልእክት ሥራው ይህን ባዕድነት መቀነስ ስለሆነ ጠያቂው ከሚደውልበት ቁጥር ራሱ መላክ አለበት። በአጭር ቁጥር ከተላከ ከማስታወቂያው ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ርዝመቱ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። በላቲን 160 ምልክት የሚይዝ አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ነው፤ ባዶ ቦታና አራት ነጥብም ይቆጠራሉ። 71ኛው ሲጨመር መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሂሳቡም እጥፍ ይሆናል። ይህኛው በ65 ያልቃል፦

«የሩዝ ገበያ ጥናት ቡድን ነን። ነገ ጠዋት ከ3-5 ሰዓት ከዚህ ቁጥር እንደውላለን። ገንዘብ አንጠይቅም።»

የቀረው 5 ቦታ ነው፤ «ወይዘሮ» ብቻውን ከነባዶ ቦታው ይጨርሰዋል። ስም ባይገባ ይሻላል፤ ስልኩ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል፣ የሚያነበውም ልጅ። ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ወሊድ መከላከያ የሚጠይቅ ጥናት ርዕሱን በጽሑፍ መግለጥ የለበትም። የካርድ ስጦታም እዚህ አይጠቀስ፣ የአጭበርባሪ ቃል ያስመስለዋል፤ በድምፅ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ይነገር።

ሰዓቱን ደጋግሞ ማየት ያሻል። መላኪያው ፕሮግራም ላይ 3:00 ብሎ የሞላ ሰው መልእክቱን ሌሊት 9 ሰዓት ይልካል፤ ለጠዋት 3 ሰዓት 9:00 ነው የሚሞላው። ጣና ላይ መረብ የሚያነሳ ዓሣ አስጋሪ ጠዋት ውኃ ላይ ነው፣ ለእሱ ከሰዓት በኋላ ይቀጠር። ባሕር ዳር ውስጥ ለነጋዴ ቅዳሜ አይሆንም። ፎገራ ላይ በኅዳር የሩዝ አጨዳ ስላለ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ይሻላል።

መልእክቱ መጥቀሙን ለማወቅ ቁጥሮቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈሉ፣ ለግማሹ ብቻ ይላክ። መልስ የሰጡት ሲሰላ አካፋዩ መልእክቱ የደረሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ዕጣው የወጣላቸው በሙሉ ናቸው፤ ስልካቸው የተዘጋም ይቆጠራሉ። እነሱን ማውጣት መልእክቱን ካለው በላይ ውጤታማ ያስመስለዋል።

የመላሾቹ ብዛት ቢጨምር እንኳ ማን እንደጨመረ መታየት አለበት። ማንበብ የሚችሉት ብቻ ከበዙ ናሙናው ወደ ከተሜውና ወደ ተማረው አዘንብሏል፤ በየገጠሩ ያሉ እናቶች ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ ዕድሜ፣ ፆታና ማንበብ መቻል በሁለቱም ጎራ ይነጻጸሩ፤ ማንበብ ለማይችሉት በጽሑፉ ፈንታ የግማሽ ደቂቃ የቀጠሮ ጥሪ ከዚያው ቁጥር ይደረግ።